የማያርፈው ፍሪጅ

አንዲት ልጅ የታዘዘችውን ሁሉ ሳታጓድል እየፈጸመች ሕመሟ ቢጸናባት ጥፋቱ የማን ነው? በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተረፋ ይህ ጥያቄ ነቀምቴ ከተማ፣ ከአንድ ሱቅ ባንኮኒ ፊት ገጠመው።

ተረፋ የአርጆ ልጅ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ስድስት ዓመት የማቀዝቀዣ መሣሪያ ጥገና ተምሮ ከተመለሰ ገና አራተኛ ወሩ ነበር። ነቀምቴ ከሚገኝ የመንግሥት ጥገና ክፍል ቢመደብም ከመኪና ራዲያተርና ከጽሕፈት መኪና በቀር የሚጠግነው ነገር አላገኘም። በዚህ የተነሣ ልቡ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎት ነበር። «በከተማው ያለው ፍሪጅ ቢቆጠር ሃያ አይሞላ፤ ታዲያ ያን ሁሉ ብርድ የቻልኩት ለምንድን ነው?» እያለ ራሱን ይሞግታል። ራሱን መሞገት ደግሞ ሥራ አይሆንም።

ያን ቀን የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ሊገዛ ወደ ማዘንጊያ ሱቅ ጎራ አለ። ማዘንጊያ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሃያ ዓመት የነገደ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው፣ አማርኛውን ከጉራጊኛው እያዋዛ የሚናገር ጨዋታ ዐዋቂ ነው። ባንኮኒው ፊት አቶ መሸሻ ቆመው አንድ ጓጉንቸር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይከፍታሉ። አቶ መሸሻ አባታቸው ከሸዋ የመጡ፣ እሳቸው ግን ወለጋ ተወልደው ወለጋ የሸመገሉ፣ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ አባባ?» ሲል ተረፋ ጎንበስ ብሎ እንደምን አደሩ አላቸው።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ኢልማ ኮ፤ ደኅና ነኝ፣ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ከጓጉንቸሩ ሳያነሡ።

«ጋሽ መሸሻ፣ ይኸ ለውጭ በር ያንሳል» አለ ማዘንጊያ። «ለጓዳ ቁም ሣጥን ከሆነ ግን የፈለገው ሌባ ይምጣ፣ እጁን ሰብስቦ ይመለሳል።»

«ሌባስ በሆነ! ሌባ ቢሰርቅህ አንድ ቀን ነው። እኔ የምቆልፈው በገዛ ልጄ ላይ ነው።»

ማዘንጊያ የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ። ተረፋም ናስትሮውን ረሳው።

«ሐረግወይንን ነው?» አለ ማዘንጊያ። «ያችን ጨዋ ልጅ?»

«ያችን ጨዋ ልጅ» አሉ አቶ መሸሻ። «የስኳር በሽታ ከያዛት ሦስት ዓመቷ ነው። መርፌዋን ጠዋትና ማታ በእጇ ትወጋለች፣ እኛም ሐኪም ያዘዘውን እንሰጣታለን፤ ደኅና ሆና ትምህርቷን ትማር ነበር። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ውሃ ብትጠጣ ብትጠጣ አልረካ አለች። ሰውነቷ አልቆ ቀሚሷ ከቋሚ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። መርፌውን ስትወጋ ቆሜ አያለሁ። እንግዲህ መድኃኒቱን እየወሰደች ካልዳነች፣ ከበስተኋላዬ ማር ትልሳለች ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በጥምቀት ማግስት ሦስት ጎረቤት ሰብስቤ አስመከርኳት። 'አልነካሁም' ብላ አለቀሰች። እንባም እኮ ውሸት አያቅተውም።»

«መድኃኒቱስ ተበላሽቶ እንደሆነ?» አለ ተረፋ።

አቶ መሸሻ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። «መድኃኒቱማ እንደ ንጉሥ ነው የተቀመጠው!»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ» አለ ማዘንጊያ ወደ በሩ እያየ፤ «ዛሬ 'እንደ ሊቀመንበር' ነው የሚባለው።»

አቶ መሸሻ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። «ፍሪጅ አለኝ፣ ልጄ። ነጭ ፍሪጅ። ቀን አይል ሌት አይል፣ አንዲት ደቂቃ ሳያርፍ ነው የሚሠራው። ብልቃጡን ከላይ፣ ከበረዶው ሥር፣ ከክብሩ ቦታ አኖረዋለሁ። ጠዋት ሳወጣው በረዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በመዳፌ አሙቄ፣ አሟሙቼ ነው የምሰጣት። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?»

ተረፋ የሚያውቀው ስለ ፍሪጅ እንጂ ስለ መድኃኒት አልነበረም። ነገር ግን ከሽማግሌው ንግግር አንዲት ቃል እንደ እሾኽ ያዘችው።

«አባባ፣ አንዲት ደቂቃ ሳያርፍ አሉኝ?»

«ሳያርፍ!»

«እንግዲያው ታሟል።»

«ማን?»

«ፍሪጁ።»

ማዘንጊያ ሳቁን ለቀቀው። አቶ መሸሻ ግን ተቆጡ፤ በቁጣቸው ውስጥም ጨዋነታቸው አልተለያቸውም። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የአርጆው የመገርሳ ልጅ ነኝ፣ አባባ። ተረፋ እባላለሁ። ጀርመን የተማርኩት ይህንኑ ነው።»

«የመገርሳ ልጅ ሆነህ ነው ሥራ የማይፈታውን ታሟል የምትል? እኔ ሠላሳ ዓመት ሳላርፍ ሠርቻለሁ። በቤቴም ያረፈ ሠራተኛ አልወድም። ሬዲዮኑስ ማታ ማታ ሳናርፍ እንድንሠራ አይደል የሚለፍፍብን?»

«እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም?»

«ሄጃለሁ። እሱ ዕረፍት አይደለም፣ ሃይማኖት ነው።»

«ይሁን። ልብዎስ? አንዴ መታ ያደርግና ጥቂት አርፎ ይደግማል። ሳያርፍ ከመታ ሐኪም ይጠራል። ፍሪጅም እንደዚያው ነው። የሚፈለገውን ያህል ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ያርፋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይነሣል። 'አሁን ተነሥ፣ አሁን ዕረፍ' የሚለው ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። የእርስዎ ፍሪጅ የማያርፈው ትጉህ ስለሆነ ሳይሆን 'በቃ' የሚለው ስላጣ ነው።»

አቶ መሸሻ የጓጉንቸሩን ዋጋ ከፍለው ኪሳቸው ከተቱት። «ና፣ እየው» አሉ። «ምንም ሳታገኝ ብትቀር ግን ወጥተህ ለማዘንጊያ 'ተሳስቻለሁ' ትለዋለህ።»

«እኔም እሰማለሁ» አለ ማዘንጊያ። «ጓድ ተረፋ፣ ናስትሮህን ውሰድ እንጂ!»

የአቶ መሸሻ ቤት ጨለለቂ ሰፈር ነው። ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋርጋ በር ላይ ተቀበሏቸው። ሐረግወይን ከውስጥ በወንበር ተቀምጣ ነበር፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ፊቷ ግን ከዕድሜዋ ቀድሞ ሄዷል። አጠገቧ ትልቅ የውሃ ጆግ አለ። እንግዳ አክብራ ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳትና መልሳ ተቀመጠች። ተረፋ ይህን ሲያይ የሱቁ ጨዋታ ሁሉ ከልቡ ጠፋ።

ፍሪጁ በሳሎኑ ማዕዘን፣ ከሁለት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። በላዩ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ ሬዲዮ፣ ከበስተኋላው ደግሞ ታጥፎ የገባ አሮጌ ጋቢ። ሞተሩ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል።

«ጋቢው ምንድን ነው፣ እማማ?» አለ ተረፋ።

«ቅዝቃዜው በኋላ በኩል እንዳያመልጥ ጋሼ የሸጎጡት ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ። «ለእኔ ጋቢ ሲጠፋ ለእሱ አልጠፋም።»

«እጅዎን ከጋቢው ሥር ያስገቡ እስኪ።»

አስገቡ። «ውይ! ትኩስ ነው።»

«ያ ከውስጥ የወጣው ሙቀት ነው። ይህ መሣሪያ ቅዝቃዜ አይሠራም፤ ሙቀት ከውስጥ እየቀዳ በጀርባው ይደፋል። በክረምት ውሃ ቤት ቢገባብዎ በጣሳ እየቀዱ ወደ ደጅ ይደፉ የለም? እንደዚያ ነው። ጋሼ ጋቢ ሲሸጉጡበት በሩን ዘግተው 'ድፋ' ማለታቸው ነው። ጀርመን ሳለሁ አንድ የወተት እርሻ ወስደውን ነበር። ወተቱን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ በቀዳው ሙቀት እዚያው ላሞቹን የሚያልቡት ሠራተኞች የሚታጠቡበትን ውሃ ያሞቁበታል። በዚሁ ዘዴ ቤት የሚያሞቁም አሉ።»

«በፍሪጅ ቤት ማሞቅ!» አሉ አቶ መሸሻ። «ሸዋርጋ፣ ሰማሽ? ቀጥሎ በእሳት በረዶ እንሠራለን ይለናል።»

አንባቢ ሆይ፣ በሽማግሌው አትሳቅ። ያልታየ ነገር ሲነገር መጠራጠር የአእምሮ ጤንነት ነው። ጥፋት የሚሆነው ካዩም በኋላ አላየሁም ማለት ሲመጣ ነው።

ተረፋ የፍሪጁን በር ከፈተ። ብልቃጦቹ ከላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ሥር ተደርድረዋል። አንዱን አነሣ፤ ውስጡ ድርቅ ያለ በረዶ ነው። «ከመድኃኒቱ ጋር የመጣ ወረቀት አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ። ሁሉንም አስቀምጬዋለሁ። የመድኃኒት ወረቀት አይጣልም።» አቶ መሸሻ ከዳዊታቸው መካከል በጥንቃቄ የታጠፉ ስስ ወረቀቶች አወጡ። «ሐኪሙ 'ቀዝቃዛ ቦታ' ብለው ነግረውኛል። ጽሑፉን ግን እኔ እንግሊዝኛ መስሎኝ ለመምህራን ባሳይ እንግሊዝኛ አይደለም አሉኝ።»

ተረፋ ወረቀቱን ተቀብሎ ዘረጋ፤ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ስድስት ዓመት እየማለና እየተራገመ የተማረው ቋንቋ ነበር።

«ጀርመንኛ ነው፣ አባባ።»

«ምን ይላል?»

«'በፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ' ይላል።»

«አላልኩም?»

«ከሥሩ ደግሞ በደማቁ 'በረዶ እንዳይሆን ይጠበቅ፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ መድኃኒት ቢሟሟም ኃይሉ ስለሚጠፋ አይወሰድ' ይላል።»

ሐረግወይን አንገቷን አቀርቅራ ነበር፤ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አባባ» አለች፤ «ማሩን አልነካሁም ብዬ ነበር።»

አቶ መሸሻ ወዲያው አልተረቱም። ሰው ሁለት ወር ያህል የያዘውን ሐሳብ እንደ ባርኔጣ አያወልቅም። «ወረቀት ብዙ ይላል» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የጀርመን አገር ራሱ በረዶ ነው፤ ለዚያ አገር ሰው የተጻፈ ይሆናል። ስንት ሰው አማልጄ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን መድኃኒት አውጥቼ ልድፋ? መድኃኒት መድፋት ነውር አይደለም? እስከ ሳምንት እንየው።»

«አባባ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ ተረፋ። «ስለዚህ እኔንም አይመኑኝ፣ ወረቀቱንም አይመኑት። ልጅቱ ግን ሳምንት የላትም። አሁን ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ብልቃጡንና ወረቀቱን ይዛ ትጠይቅ።»

«መጀመሪያ ፍሪጁን...»

«መሸሻ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ። ባላቸውን በስማቸው እንዲህ አጥርተው የሚጠሩት ምናልባት በዓመት አንዴ ነው። «ፍሪጁን አልወለድኩትም። ልጄን ይዤ ሄጃለሁ።» ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብልቃጡን በመሐረብ ቋጥረው፣ ልጃቸውን ደግፈው ወጡ።

ሁለቱ ወንዶች ከማያርፈው ፍሪጅ ጋር ቀሩ።

ተረፋ አስቀድሞ ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ፍሪጁን ከግድግዳው ስቦ ጋቢውን አወጣ። ከማይለየው የመሣሪያ ቦርሳው መፍቻ አውጥቶ በውስጥ በኩል የቴርሞስታቱን ሽፋን ሲፈታ ወደ ቴርሞስታቱ መግባት የነበረባቸው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው አገኛቸው። ቴርሞስታቱ ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሏል።

«ይህን ማን አገናኘው?»

«ዋጋሪ ነዋ፣ የጎረቤታችን ልጅ። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ እጀ ወርቅ ነበር። በኅዳር ፍሪጁ አልነሣ ሲለኝ መለዋወጫ ፈልጎ ፈልጎ አጣ። 'እስኪገኝ ድረስ ላገናኝልዎ' አለኝ። እኔም 'ብቻ ይሥራልኝ' አልኩት። ካገናኘው ጀምሮ አርፎ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። እሱም በሳምንቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ።»

«በኅዳር ተገናኘ። ልጅቱስ የታመመችው?»

«በታኅሣ...» አቶ መሸሻ ቃሉን አልጨረሱትም። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ላይ ቀን ሲጽፉ የኖሩ ሰው ሁለት ቀኖችን ማስተያየት አያቅታቸውም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ተረፋ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ አውጥቶ መፈተሻ ሠራ። «ይህ አምፖል የእኛ ምስክር ነው» አለ። «መንገዱ ክፍት ከሆነ ይበራል፣ ከተቋረጠ ይጨልማል።» ሽቦዎቹን በቴርሞስታቱ ሁለት ጫፎች ላይ ቢያስነካ አምፖሉ ጨለመ። መሣሪያውን ፈትቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው፤ ሲያየው ሳቀ። «ይምጡ፣ አባባ። ሌባዎን ይዩት።»

ሁለቱ የመዳብ ነጥቦች ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል። በመካከላቸው አንዲት ጉንዳን ገብታ ተቃጥላ፣ ከሰል ሆና እንዳይነካኩ ከልክላቸው ነበር።

«ይህች? ይህች ናት ቤቴን ያመሰችው?»

«እሷ ናት። መለዋወጫም አያስፈልግም ነበር።»

በስስ ብርጭቆ ወረቀት ነጥቦቹን ጠርጎ እንደገና ሲፈትሽ አምፖሉ በራ። ከዚያ ከቴርሞስታቱ የሚወጣውን ቀጭን የመዳብ ጅራት በረዶ ባለበት ውሃ ነከረው። ጥቂት ቆይቶ «ቀጭ!» አለና አምፖሉ ጠፋ።

«ማን አጠፋው?» አሉ አቶ መሸሻ።

«ራሱ። በቃኝ አለ። አሁን ጅራቱን በመዳፍዎ ይያዙት።»

ያዙት። እንደገና «ቀጭ!» አለ፤ አምፖሉ በራ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ደነገጡ። «ዐወቀኝ!» አሉ። መልሰው ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ አውጥተው ያዙት፣ ደግመው ነከሩት። ተረፋ አልከለከላቸውም። ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ይህች «ቀጭ» የበለጠ እየመከረቻቸው መሆኗን ዐይቷል።

ነገር ግን እሱም ትምህርቱን ሊያገኝ ነበር። ቴርሞስታቱን መልሶ አስሮ፣ ሽቦዎቹን አገናኝቶ፣ ሶኬቱን ሲሰካ የውስጡ መብራት በራ፤ ሞተሩ ግን ዝም አለ።

አቶ መሸሻ ጥቂት ጠበቁ። «አሁንስ አረፈ» አሉ። «ጀርመን ስድስት ዓመት ያስተማረችህ ይህን ነው? ይህንንማ ሶኬቱን በመንቀል እኔም አደርገው ነበር።»

ተረፋ ሽቦዎቹን መልሶ አያቸው። በተማረበት ቦታ እያንዳንዱ ሽቦ የታወቀ ቀለም አለው፤ ቀለሙን አይተህ ታስራለህ። ዋጋሪ ግን ያረጁትን ሽቦዎች ሲለውጥ ከገበያ ያገኘው ቀይ ብቻ ስለነበረ የሞተሩም የመብራቱም ሽቦ ቀይ ነበር። ተረፋ ቀይ የሞተር ነው ብሎ ቀለም አምኖ የመብራቱን ከሞተሩ ቦታ አስሮታል።

«አጥፍቻለሁ፣ አባባ» አለ። «እርስዎ ሥራ ያልፈታውን ጤነኛ ነው ብለው አመኑ፤ እኔ ደግሞ ቀለሙን አምኜ ሳልፈትሽ አሰርኩ። ሁለታችንም ምስክር ሳንጠራ ፈረድን።»

«እንግዲያ ምስክርህን ጥራዋ!» አሉ ሽማግሌው። አሁን በድምፃቸው ፌዝ አልነበረም፤ እንዲያውም አምፖሉን ራሳቸው አንሥተው ሰጡት።

ተረፋ ሶኬቱን ነቅሎ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ። አቶ መሸሻ አምፖሉን ይዘው «በራ»፣ «ጨለመ» እያሉ ይነግሩታል። የሞተሩ ሽቦ ሲታወቅ አቶ መሸሻ ከዳንቴላቸው ነጭ ክር መዘው ምልክት አሰሩበት። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ሶኬቱ ሲሰካ ሞተሩ ተነሣ። ሁለቱም ጠበቁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ቀጭ» አለና ጉርምርምታው ቆመ። ከኅዳር ወዲህ ቤቱ ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ወይዘሮ ሸዋርጋ የተመለሱት በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ብቻቸውን ነበሩ።

«ሐረግስ?» አሉ አቶ መሸሻ ብድግ ብለው።

«አስተኝተዋታል። ደርሳችኋል፣ ትድናለች ብለዋል። ሲስተሯ ወረቀቱ እውነት ነው አለች። በረዶ የነካው ሁሉ ይወገድ፣ አዲሱ ከመካከለኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፣ ከበረዶውም ይራቅ ብላለች። ይኸው አዲሱ፣ ይኸው የእኛው፤ አስተያዩአቸው ብላ ነው የላከችኝ።»

አቶ መሸሻ ሁለቱን ብልቃጦች በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ቀስ አድርገው አገላበጧቸው። አዲሱ እንደ ወተት አንድ ወጥ ሆነ። አሮጌው ግን እንደተበላሸ ወተት ጓጎለ፤ ፍርፋሪው ከብልቃጡ ጎን ተጣብቆ ቀረ።

ጀርባቸውን ሰጥተው ስለነበረ ፊታቸው አልታየም። «ቀዝቃዛ ቢሉኝ እኔ 'እጅግ' የምትል ጨመርኩበት» አሉ። «ፍሪጁን አመንኩ፣ ልጄን ጠረጠርኩ። ዕቃ አምኖ ሰው መጠርጠር! ወረቀቱስ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዳዊቴ ውስጥ ሆኖ ሲጮኽ ያልሰማሁት ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ማንበብ የሚችል አላገኙም፣ አባባ።»

«መፈለጌን አቆምኩ እኮ። አክብሬ አስቀመጥኩት፣ አበቃ። ያልተነበበ ወረቀት ማክበር ምን ማክበር ነው?»

በማግስቱ እሑድ አቶ መሸሻ ከቅዳሴ በኋላ እነዚያን ሦስት ጎረቤቶች አስከትለው ሐኪም ቤት ሄዱ። ተረፋም አብሮ ነበረ። በልጃቸው አልጋ አጠገብ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በማሩ ላይ ሊቆልፉት የገዙትን ጓጉንቸርም ከኪሳቸው አውጥተው አልጋው ላይ አኖሩ። «በእነዚህ ሰዎች ፊት ሌባ ብዬሻለሁ» አሉ። «በእነዚሁ ሰዎች ፊት አጥፍቻለሁ እላለሁ። ይቅር በይኝ።»

ከጎረቤቶቹ አንደኛው «ኧረ ጋሽ መሸሻ፣ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ የት ታይቷል!» ቢሉ፣ «ዛሬ ታየ» ብለው መለሱላቸው።

ሐረግወይን አለቀሰች፤ ከዚያ በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች። «እንግዲያ ጓጉንቸሩን ምን ሊያደርጉት ነው፣ አባባ?»

«ለማዘንጊያ እመልሳለሁ።»

«ማዘንጊያ? የሸጠውን መልሶ ሊቀበል?»

ሁሉም ሳቁ። እውነትም ማዘንጊያ መልሶ አልተቀበለም፤ «ጋሼ፣ ጓጉንቸሩ ምን አጠፋ?» ብሎ ነው የሸኛቸው።

እንግዲህ ከዚያች ቅዳሜ የተገኘውን ጥቅም እንናገር። ሐረግወይን በአምስተኛው ቀን ከሐኪም ቤት ወጣች፤ ወር ሳይሞላ ጉንጯ ተመለሰ፣ የውሃው ጆግም ከአጠገቧ ተነሣ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ መዘጋጀት ጀመረች። ፍሪጁ እየሠራ እያረፈ በመኖሩ የኤሌክትሪክ ወጪው ቀነሰ፣ ሞተሩም ዕድሜ አገኘ። ጋቢው ወደ ወይዘሮ ሸዋርጋ ትከሻ ተመለሰ። አቶ መሸሻ ደግሞ ያላነበቡት ወረቀት ቤታቸው እንዳያድር ምለው፣ የጎረቤቱን የመድኃኒት ወረቀት ሁሉ ሰብስበው እንግሊዝኛውን በሐረግወይን፣ ጀርመንኛውን በተረፋ ያስነብቡ ጀመር። ተረፋም ከሥራ መልስ የሚያንኳኳበት በር አላጣም፤ በየሳምንቱ አንድ «ፍሪጄን እይልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ዕውቀት ከሩቅ አገር መምጣቱ ብቻ አይጠቅምም። ሰው ቤት ገብቶ፣ ጋቢውን ገልጦ፣ ስህተቱንም አምኖ ሲሠራበት ነው ለወገን የሚተርፈው።

በየካቲት መጀመሪያ አቶ መሸሻ ተረፋን አስጠሩት። ሲመጣ ወረቀትና ብዕር አዘጋጅተው ጠበቁት። «ዓይኔ ደክሟል፤ እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ» አሉት። ተረፋም እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ለልጄ ለዋጋሪ። አካም ጅርታ? ፈያዳ? እኛ ደኅና ነን። እናትህም ደኅና ናቸው፤ ጎጆአቸውን የቀበሌው ሰው ከድኖላቸዋል።

«ባለፈው ኅዳር ያገናኘህልኝ የፍሪጅ ሽቦ አሁን ተስተካክሏል። አልወቅስህም። ብቻ ይሥራ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ የለመንኩህን አደረግህ። ነገር ግን እንደዚያ የተገናኘ ፍሪጅ መድኃኒት በረዶ አድርጎ ያበላሻል፤ ሐረግን ለጥቂት አተረፍናት። ያን ጊዜ 'ለሦስት ቤትም እንዲሁ አገናኝቻለሁ' ብለኸኝ ነበር። በጊምቢ መንገድ ሁለቱን ጠይቀን አግኝተን አስተካክለናል። ሦስተኛው ግን የማን ቤት እንደሆነ፣ ነቀምቴ ይሁን አርጆ የሚነግረን አጣን። ምናልባት እንደ እኛ መድኃኒት የሚያስቀምጥ ሰው ይኖርበታል። ሌላ ነገር መጻፍ ቢከብድህ የባለቤቱን ስም ብቻ ጻፍልኝ። አንዲት መስመር ትበቃለች።

«እጅህ የተባረከ ነው። ስትመለስ ከተረፋ ጋር አብራችሁ ትሠራላችሁ፤ ተነጋግረናል። አባትህ መሸሻ።»

ደብዳቤውን በፖስታ አድርገው፣ ከእናቱ ዘንድ የተገኘውን የክፍለ ጦር ቁጥር ጽፈውበት፣ በአደራ ደብዳቤ ላኩት። ተረፋ በየዓርቡ ፖስታ ቤቱን ይጠይቃል። የመጋቢት ዓርቦች አለፉ፤ የሚያዝያም አለፉ። በግንቦት ዝናቡ ሲጀምር የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ተረፋ ገና ከበሩ ሲገባ አይቶ ራሱን መነቅነቅ ለመደ። ከዋጋሪ መልስ አልመጣም፤ ሦስተኛው ቤትም የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ።